ክርክር ስትሰሙ ደረሰኝ ጠይቁ

የምሠራው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ። የመኪና ትኬት ጀርባው ባዶ ነው። የምርጫ ክርክር በስልኬ ስሰማ ትኬቱን ከመሃል በመስመር እከፍለዋለሁ። ተወዳዳሪው ስለ ተቃዋሚው ባወራ ቁጥር በግራ አንድ ጭረት፣ ራሱ ምን እንደሚሠራ በተናገረ ቁጥር በቀኝ አንድ ጭረት። ዜግነት አግኝታችሁ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመርጡ ልጆች «ማንን ልምረጥ?» ትሉኛላችሁ። እሱን አልነግራችሁም፤ ትኬቱን እንዴት እንደምሞላ ግን እነግራችኋለሁ።

ግራው ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል። ለምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ተናድዳችሁ ስልኩን ትዘጋላችሁ፤ እኔም በፊት እዘጋ ነበር። ነገሩ ብልግና ብቻ አይደለም፣ ሒሳብ አለው። በ1984 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የዴሞክራቶች እጩ ዋልተር ሞንዴል ፕሬዚዳንት ሬገንን ሊገዳደር ሲወዳደር በፓርቲው ጉባኤ ላይ ቆሞ «ግብር መጨመሩ አይቀርም፤ ሬገን አይነግራችሁም፣ እኔ ግን ነገርኳችሁ» የሚል ንግግር አደረገ። ከ50ው ግዛት ያሸነፈው የራሱን ሚኒሶታን ብቻ ነው፤ ሌላ ያገኘው ዋሽንግተን ዲሲን። ኢኮኖሚውም ያኔ ለሬገን ተመችቶት ስለነበር ሽንፈቱን ሁሉ በዚያ ንግግር ማሳበብ አይቻልም። ብዙ ፖለቲከኛ ግን ከዚያ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ዕቅዱን በግልጽ የተናገረ ሰው ለተቃዋሚው ዱላ ያቀብላል። ዕቅድ ስታወጡ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ከፋዩም ይቆጣል። ስድብ ከፋይ የለውም።

ሌላው ምክንያት የተወዳዳሪው ቁጥር ነው። ሁለት ሰው ብቻ ከቀረበ ሌላኛውን ማስጠላት ይበቃል፤ ከእሱ የሸሸ መራጭ ወይ ወደ እናንተ ይመጣል ወይ ቤቱ ይቀራል፣ ሁለቱም ጥቅም ነው። ሲበዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2004 ዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ሲመርጡ አዮዋ ላይ ሀዋርድ ዲንና ሪቻርድ ጌፕሃርት በማስታወቂያ ሲፋጁ ከርመው ጆን ኬሪ አንደኛ፣ ጆን ኤድዋርድስ ሁለተኛ ወጡ። እዚሁ አርሊንግተንም በ2023 ዴሞክራቶች ለካውንቲው ቦርድ እጩ ሲመርጡ መራጩ ተወዳዳሪዎቹን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ነበር። የሌላውን ደጋፊ ሁለተኛ ምርጫ የሚፈልግ ሰው አፉን ሰብሰብ ማድረግ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ትኬቱ ላይ ስንት ሰው እንደሚወዳደር ጻፉ። ሁለት ከሆኑ በግራ በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ።

አሁን ወደ ቀኙ። እዚያ ብዙ ሰው ይታለላል፣ «ለቤተሰብ እቆማለሁ» ሲባልም ጭረት ያሰምራል። አታስምሩ። የእኔ መለኪያ ደረሰኝ ነው፤ ሰውዬው ቢያሸንፍ የተናገረውን ነገር የት ሄጄ አየዋለሁ? በ2021 ለቨርጂኒያ ገዢነት ሲወዳደር ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን የምግብ ሸቀጥ ቀረጥ አነሳለሁ አለ። ይህ ጭረት ይገባዋል። የግሮሰሪ ደረሰኜ ላይ 2.5 ከመቶ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ 1 ከመቶ ሆነ። ሙሉ በሙሉ አልተነሳም፤ የግዛቱ ድርሻ ሲሰረዝ የአካባቢው ቀርቷል። ቃሉ የቱ ድረስ እንደሄደ ግን እንቁላልና ወተት ስገዛ አያለሁ። ተቀናቃኙ ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ ደግሞ ለትምህርት በዓመት 2 ቢሊዮን ዶላር አወጣለሁ አለ። እሱም ጭረት ነው፣ ከጎኑ «ከየት?» ብላችሁ ጻፉበት።

ከዚያ ዘመቻ ሰው የሚያስታውሰው ግን ይህን አይደለም። ማኮሊፍ ያንግኪንን ከትራምፕ ጋር ሲያጣብቅ ከረመ። ያንግኪን በበኩሉ፣ ማኮሊፍ እዚሁ አሌክሳንድሪያ በተደረገው ክርክር «ወላጆች ትምህርት ቤቶች ምን ማስተማር እንዳለባቸው መንገር የለባቸውም ባይ ነኝ» ያላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዞ እስከ ምርጫው ቀን ሄደ። ያሸነፈውም ያንግኪን ነው፣ በ2 ነጥብ ልዩነት ገደማ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያነሳኋት፣ ግራ በኩል ያለው ሁሉ ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ ነው። ሰውዬው በአንደበቱ ያለውን ወይም ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የሰጠበትን ሕግ ማንሳት ስም ማጥፋት አይደለም፣ መጠየቅ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጭረት ክበቡት፣ ኋላም ዋናውን ቪዲዮ ፈልጋችሁ ከፊትና ከኋላ ያለውን ስሙ። ክብ የማይገባው ፍረጃ ነው። የኢትዮጵያን የ1997 (ይህቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) የምርጫ ክርክር የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል እያልን ሻይ ቤት ስንከራከር ሰንብተን፣ «ኢንተርሃምዌ» (የሩዋንዳ ዘር ጨፍጫፊ ሚሊሻ ስም) የሚል ቃል ሲመጣ ስለ መሬት የሚያወራ ጠፋ።

የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ብዙ አትድከሙ። መጨረሻው ላይ ያለችውን፣ ማን እንደከፈለ የምትናገረውን ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ተመልከቱ። ከ2002ቱ ሕግ ወዲህ ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰው ማስታወቂያውን እንዳጸደቀው በራሱ ድምፅ መናገር አለበት። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ከተወዳዳሪው ዘመቻ ውጭ ያሉ ቡድኖች ያለ ገደብ ገንዘብ ማፍሰስ ስለተፈቀደላቸው ከባዱን ስድብ እነሱ ይይዙለታል፣ እሱ እጁ ንጹሕ ነው። የከፋዩ ስም ሰምታችሁት የማታውቁት ኮሚቴ ከሆነ ማን እንዳቋቋመው ፈልጉ።

በር የሚያንኳኩትን ግን አታባርሯቸው። ባለፈው አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣና ስለ ተቃዋሚው ጀመረልኝ። «የኔ ልጅ፣ የዚያን ሰውዬ ስም ሳታነሳ ሁለት ደቂቃ አውራኝ» አልኩት። ሳቀ። ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ «አለቃዬ ጋ ልደውል?» አለኝ፤ እስኪያነሱለት ድረስ ሻይ ቀዳሁለት።