ለቤት ቀረጻ ማይክ ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አልጥም ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ማይኩ ነው። ይሸጥና የተሻለ የተባለው ይገዛል። ያው ችግር ግን አብሮ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ማይኩ ላይ ሳይሆን አመራረጡ ላይ ነው። ጥሩ ማይክ ማለት ለእናንተ ድምፅና ለእናንተ ክፍል የሚስማማው ነው። ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሲረሳ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ስላዩት ብቻ ኮንደንሰር መግዛት

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ለዘፈንና ለንግግር የምንጠቀምባቸው ማይኮች በአብዛኛው ዳይናሚክ ወይም ኮንደንሰር ናቸው። በዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ስስ ሽፋንና ከሱ ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል አለ። ድምፅ ሽፋኑን ሲነቀንቀው ጥቅሉ በማግኔት መሃል ይንቀሳቀሳል፤ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጥቅሉ ክብደት ስላለው በጣም ፈጣንና ደቃቅ የሆነውን የድምፅ ዝርዝር ትንሽ ያለዝበዋል። ኮንደንሰር ይህ ሸክም የለበትም። ትንፋሹን፣ የከንፈሩን መላቀቅ፣ የቃሉን ጫፍ ሁሉ ይለቅማል። የስቱዲዮ ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ግን ስቱዲዮው ለቀረጻ ተብሎ የተሠራ ክፍል ነው። የእናንተ ክፍል ባዶ ግድግዳ፣ ትልቅ መስታወትና ምንጣፍ የሌለው ወለል ካለው፣ ኮንደንሰሩ እነሱንም በዝርዝር ይቀዳቸዋል። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ፣ የመንገዱ ጫጫታ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሁሉ ይገባል።

በሌላ በኩል "ዳይናሚክ ማይክ ክፍሉን አይሰማም" የሚባለውም ልክ አይደለም። ይሰማል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ርቀት ነው። ዳይናሚክ ላይ ሰው አፉን አስጠግቶ ይዘፍናል፤ ኮንደንሰር ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል። ከማይኩ ያላችሁ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፃችሁ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል። ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ግን ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ በራቃችሁ ቁጥር ክፍሉ ጎልቶ ይወጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የምትቀዱበት ቦታ ላይ ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ከሞተ ኮንደንሰር ይስማማችኋል። የሚያስተጋባ ድምፅ ከተከተለው ግን በቅርብ የሚዘፈንበት ዳይናሚክ ይሻላችኋል፤ ወይም የገንዘቡ ግማሽ ክፍሉን ለማስተካከል ይዋል። "ዳይናሚክ ለመድረክ እንጂ ለቀረጻ አይሆንም" የሚላችሁን አትስሙ። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው አልበም ላይ የምንሰማውን ድምፁን ኢንጂነሩ ብሩስ ስዊዲየን በብዛት የቀዳው ሹር ኤስኤም7 በተባለ ዳይናሚክ ማይክ ነው።

ማይኩን ገዝቶ ጌይኑን መርሳት

ከዚያው ቤተሰብ የመጣው ኤስኤም7ቢ ዛሬ በየፖድካስቱ ይታያል። ማይኩ በእርግጥ ግሩም ነው። ግን የሚያወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው። ሠሪው ኩባንያ ሹር ራሱ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን (ሲግናሉን የማጉላት አቅም) የሚሰጥ ማጉያ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ብዙ ርካሽ ኢንተርፌሶች (ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙት ሳጥኖች) እዚያ አይደርሱም፤ ቢደርሱም የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያመጣሉ። ገዢው ጌይኑን እስከ ዳር አዙሮ ድምፁ አሁንም ትንሽ ሲሆንበት ማይኩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የኢንተርፌሳችሁን ከፍተኛ ጌይን አረጋግጡ። መመሪያው ላይ ተጽፏል። 50 ዴሲቤል አካባቢ የሚያቆም ከሆነና ድምፃችሁ ለስለስ ያለ ከሆነ፣ በማይኩና በኢንተርፌሱ መካከል የሚገባ ትንሽ ማጉያ መጨመር ይኖርባችኋል። ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ኮንደንሰር በዚህ በኩል ይቀላል፤ ጠንካራ ሲግናል ስለሚያወጣ ብዙ ጌይን አይጠይቅም። እሱ የሚፈልገው 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ነው፤ ይህ ከኢንተርፌሱ በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክለት ኤሌክትሪክ ነው።

በጀት ስታወጡም ማይኩን ብቻ አታስቡ። ኢንተርፌስ፣ ገመድ፣ ጠንካራ ስታንድና ፖፕ ፊልተር (ከአፍ የሚወጣውን የትንፋሽ ግፊት የሚያበርድ መከለያ) ያስፈልጋሉ። ገንዘቡን ሁሉ ማይክ ላይ ጨርሶ በእጅ ይዞ መቅዳት ያሳዝናል። በእጅ ሲያዝ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ይሰማል።

በሌላ ሰው ጉሮሮ መምረጥ

ዩቲዩብ ላይ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ማይኩን ሲሞክር ሰምታችሁ ትወዱታላችሁ። የእናንተ ድምፅ ግን ቀጭንና ስለታም ሊሆን ይችላል። ብዙ ማይኮች ከፍ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች፣ ማለትም ቀጫጭኖቹን ድምፆች፣ ሆን ብለው ያጎላሉ። ይህ የታፈነን ድምፅ ይከፍተዋል። ስለታሙን ድምፅ ግን ጆሮ የሚወጋ ያደርገዋል። "ስ" እና "ሽ" እንደ ፉጨት ይጮኻሉ። ይህን በኋላ በኤዲቲንግ ማለዘብ ቢቻልም ቃሉን ሳይነካ ማስተካከል ይከብዳል። ለእንዲህ ያለ ድምፅ ረጋ ያለ፣ ጫፉ የማይጮህ ማይክ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በአማርኛ የምትዘፍኑ ከሆነ ልብ በሉት። "ጥ"፣ "ቅ"፣ "ጭ"፣ "ጵ" የሚባሉት ፊደሎች ፈንዳ ብለው የሚወጡ ናቸው። በእንግሊዝኛ የተሠራ የማይክ ሙከራ እነዚህን አያሰማችሁም። ስለዚህ በራሳችሁ ቃላት ሞክሩ። ከጓደኛ መዋስ ወይም ሱቅ ውስጥ በሄድፎን መስማት ከተቻለ ሁለት ማይክ አጠገብ ለአጠገብ አቁማችሁ ያንኑ ስንኝ ቅዱ። ስታወዳድሩ የሁለቱን መጠን እኩል አድርጉ። ጆሮ ከፍ ብሎ የተሰማውን "የተሻለ" ይለዋል፤ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል።

ዩኤስቢ ወይስ ኤክስኤልአር? ሳያስቡ መወሰን

ብቻችሁን ለምትቀዱት ፖድካስት ወይም ትረካ ዩኤስቢ ማይክ በቂ ነው። ማጉያውም ሲግናሉን ወደ ዲጂታል የሚቀይረውም ውስጡ አለ፤ ሰክቶ መጀመር ነው። ነገ ሁለት ሰው አብሮ ለመቅዳት ወይም ጊታር ለመጨመር ካሰባችሁ ግን ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ባለው የማይክ ገመድ የሚሠራው) ከኢንተርፌስ ጋር ይሻላል። ሁለት ዩኤስቢ ማይኮችን አንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ማሠራት ራስ ምታት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ። አንዳንድ ርካሽ ኮንደንሰሮች ባንዱ ጫፍ ኤክስኤልአር፣ በሌላው የሄድፎን መሰኪያ ካለው ገመድ ጋር ይሸጣሉ። ያ መሰኪያ 48 ቮልት አይሰጥም። ማይኩ ጨርሶ ላይሠራ፣ ወይም ደክሞና ጫጫታ ሞልቶት ሊሠራ ይችላል።

ማይኩ በየት በኩል እንደሚሰማ አለማወቅ

ለቤት የሚመከረው ካርዲዮይድ ነው፤ ፊት ለፊቱን ይሰማል፣ ከኋላው የሚመጣውን በብዛት ይተዋል። ጫጫታ የሚያወጣውን ኮምፒውተር ከማይኩ ጀርባ አድርጉት። ከካርዲዮይድ ጠበብ አድርጎ የሚሰማው ሱፐርካርዲዮይድ ከሆነ ግን ከኋላው ቀጥታ የሚመጣውን በመጠኑ ይሰማል፤ በደንብ የማይሰማው ወደ ኋላ ዘወር ባለው ጎኑ በኩል ነው። ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች በአብዛኛው የሚዘፈንባቸው በጎናቸው እንጂ በአናታቸው አይደለም። የኩባንያው ምልክት ያለበት ጎን ብዙውን ጊዜ ፊቱ ነው።

እዚህ ላይ ከማይክ ኋላ ስለሚቆመው ባለስፖንጅ መከለያ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ክፍሉን ይፈውስልኛል ብሎ ይገዛዋል። ካርዲዮይድ ማይክ ግን ከኋላው የሚመጣውን ቀድሞውንም አይሰማም ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው ከእናንተ ጀርባ ካለው ግድግዳ ተመልሶ በማይኩ ፊት የሚገባው ነው። ከጀርባችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ብትሰቅሉ የበለጠ ይጠቅማል። ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ከኋላችሁ ቢከፈትም ጥሩ ነው።

ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር መማረክ

"ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ርካሹም ውዱም ላይ ተጽፏል። ኮንደንሰር ስትገዙ ይልቅ ማይኩ ራሱ የሚፈጥረውን ጫጫታ እዩ። ከ10 ዴሲቤል በታች ከሆነ በጣም ጸጥተኛ ነው። ከ20 በላይ ከሆነ ለስላሳ ዘፈን ወይም ሹክሹክታ ላይ ሊሰማችሁ ይችላል።

በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሐሰተኛ መግዛት

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሹር ኤስኤም58 በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይኮች አንዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ልዩነቱን ማወቅ ያስቸግራል። ትክክለኛው 298 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የቀለለ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ኩባንያው ከፈቀደለት ሻጭ ግዙ፤ የመመለሻ ጊዜውንም ጠይቁ። ማይኩን ቤት ባደረሳችሁበት ቀን በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ዘፈን ቅዱበት። ካልተስማማችሁ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት።