የሥራ ፈጠራ ኮርስ የተማሪውን ፍላጎት እንዲነካ እንዴት ይሰጥ?

ቢዝነስ ፕላን ተጽፎ፣ ቀርቦ፣ ማርክ ተሰጥቶበት የሚያልቅ ኮርስ የሚያስተምረው ሪፖርት መጻፍን ነው። ከመምህሩ ሌላ አንባቢ የሌለው 30 ገጽ ማንንም ንግድ ውስጥ አያስገባም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አጅዘን እ.ኤ.አ. በ1991 ባብራራው ሞዴል መሠረት፣ አንድ ነገር ለማድረግ ማሰብ ከሦስት ነገር ይመጣል፦ ለነገሩ ካለን አመለካከት፣ የቅርብ ሰዎቻችን ምን ይሉናል ከሚለው ግምት፣ እና «እችለዋለሁ» ከሚል እምነት። ሌክቸር በአብዛኛው የሚደርሰው እስከ መጀመሪያው ነው። ሦስተኛው የሚያድገው ተሠርቶ ሲታይ ነው። ስለዚህ የኮርሱን ትልቁን ጊዜ ለሽያጭ ስጡት።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ሳታስተምሩ፣ ሦስቱንም የሚነካ አጭር መጠይቅ ከ1 እስከ 7 በሚደርስ ነጥብ አስሞሉ። በስም ሳይሆን ተማሪው ራሱ በሚመርጠው ኮድ ይሁን፤ ስሙን ከጻፈ መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ነው የሚሞላው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን 10 ሰው ያነጋግር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት «ይህን ብናመጣ ትገዛለህ?» ብለው በመጠየቅ ነው። ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ባለፈው ይህ ችግር ሲገጥምህ ምን አደረግህ? ስንት አወጣህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከ4ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት በእውነተኛ ገንዘብ ይሽጡ። ቡድኑ ከ4 ሰው አይብለጥ፤ ከበዛ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ይፈርማሉ። መነሻው ገንዘብ ለሁሉም እኩል፣ ቢጠፋም የማያስለቅስ ይሁን። ለዘመድና ለክፍል ጓደኛ የተሸጠ አይቆጠርም። ማርኩን በትርፍ አትስጡ፣ አለዚያ የራሳቸውን ዕቃ ራሳቸው ይገዛሉ። የሚታረመው የዕለት መዝገቡ ነው። አንድ ቡድን 40 ዕቃ እያንዳንዱን በ12 ብር ገዝቶ በ15 ብር ቢሸጥ 120 ብር አተረፍኩ ይላል። የማጓጓዣው 100 ሲቀነስ 20 ይቀራል። አራቱም እያንዳንዳቸው 10 ሰዓት ከለፉበት የአንዱ ሰዓት ድካም ግማሽ ብር ብቻ አወጣ ማለት ነው። ይህን ስሌት ራሳቸው ይሥሩት፤ ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል።

እንግዳ ስትጋብዙ ባለጠጋውን ተዉት። ከተማሪዎቹ ሁለት ዓመት የሚቀድም፣ ገና እየታገለ ያለ ሰው «እኔም እችላለሁ» የሚያሰኘው ይበልጥ ነው።

በመጨረሻም ያንኑ መጠይቅ ድገሙ። ነጥቡ ቢወርድ አትደንግጡ፦ በኔዘርላንድ ተማሪዎች ትንሽ ድርጅት በሚያቋቁሙበት ፕሮግራም ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናትም ፍላጎታቸው መቀነሱን አሳይቷል። ኮርሱ በምርጫ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ወሳጆቹን ከማይወስዱት ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ የመረጡት ቀድሞም ፍላጎት ያላቸው ናቸውና። አማካዩም ይደብቃል፤ ከ2 ወደ 6 የወጣውና ከ6 ወደ 2 የወረደው ሲደመሩ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል። በኮዱ እያንዳንዱን ለይታችሁ የትኛው ነጥብ እንደወረደ እዩ። «እችላለሁ» የሚለው ከሆነ ሌላ አጭር የሽያጭ ዙር ስጡ። «እፈልጋለሁ» የሚለው ከሆነ ግን ተዉት፤ ንግድ እንደማይሆነው ገንዘቡን ሳያፈስ ነው ያወቀው።