ጽሑፋችሁን ከገበያውና ከቅሬው ጀምሩት

ወሎ ውስጥ ሶሺዮሎጂ ወይም ሥርዓተ ፆታ ለምትማሩ እህት ወንድሞቼ፦ እነዚህ ኮርሶች ከሽምደዳ ይልቅ ብዙ መጻፍን ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን የምንደክመው «ሴቶች በባህሉ ተጨቁነዋል» ብለን ጀምረን እዚያው ስንዞር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር የትም ሆኖ መጻፍ ይቻላል፤ ስለ ወሎ ምንም አይናገርም።

ይልቅ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱ፤ ካልሆነም የሰፈራችሁ ቅሬ (ዕድር) ላይ ተቀመጡ። ማን ይሸጣል? ዋጋውን ማን ይቆርጣል? ብሩ መጨረሻ ላይ በማን እጅ ይገባል? ለቅሶ ቤት ማን ድንኳን ይተክላል፣ ማን ወጥ ይሠራል፣ ውሳኔውንስ ማን ይናገራል? የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉት፦ በግራ ያያችሁትን ብቻ፣ በቀኝ የመሰላችሁን። ማታውኑ ጻፉት፣ ካደረ ይጠፋል። መጀመሪያ በአማርኛ ይሁን፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይደርሳል። ፈቃድ መጠየቅና የሰዎቹን ስም መቀየር ግን አደራ!

ሕግ ስትጠቅሱ ቁጥሩን አስቀምጡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። አክስታችሁ በስንት ዓመቷ እንዳገባች ጠይቁና አጠገቡ አኑሩት።

ረቂቁ ሲያልቅ ቡና እየተፈላ ለእናታችሁ አንብቡላት። «ኧረ እንዲህ አይደለም» ያለችበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ጠንካራው ክርክር የሚወጣው ከዚያ ነው።