ኦርጋኖይድ በማሽን ማሳደግ ለምትፈልጉ፦ ከምግቡ ጀምሩ

እሑድ ጠዋት ኦርጋኖይድ ለመመገብ ብቻ ላብራቶሪ የገባ ሰው ይህን ለምን እንደምጽፍ ይገባዋል። ኦርጋኖይድ ማለት ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) የምናሳድጋት፣ አንድን የአካል ክፍል የምትመስል ትንሽ የሴሎች ጥቅል ናት። የአንጎሏ ኦርጋኖይድ ስታድግ ምስር ብታክል ነው። ግን ለወራት ትቆያለች፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ሚዲየሟ (የምትመገበው ፈሳሽ) መቀየር አለበት። ቅዳሜ የለ፣ በዓል የለ። ሰኞ የሚመግበው ሰው እጁ ቀስ ያለ ነው፣ ዓርብ የሚመግበው ይቸኩላል፣ ከወር በኋላ ኦርጋኖይዶቹ ለምን እንደተለያዩ ስንጠየቅ ግራ ይገባናል። ማሽን የሚያስፈልገን ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

ሁሉንም ሥራ በአንዴ ለማሽን አትስጡ። ሴል መዝራቱ አንድ ጊዜ ነው፤ ሚዲየም መቀየሩ ግን ይደጋገማል። ከሱ ጀምሩ። ማትሪጄሉን (ኦርጋኖይዶቹ የሚቀበሩበትን ጄል) ለጊዜው በእጃችሁ ሥሩት። በ4 ዲግሪ ፈሳሽ ነው፣ ሲሞቅ ይረጋል፤ ሮቦቱ ፈሳሽ በሚመጥበት ጫፍ ውስጥ ከረጋ ደግሞ ያ ፕሌት (ኦርጋኖይዶቹ የሚያድጉበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) አለቀለት።

መሣሪያውን የሚወስነው ሥራችሁ ነው። ለመድኃኒት ሙከራ ብዙ ትናንሽ ኦርጋኖይዶች ከፈለጋችሁ የፒፔት ሮቦት (ፈሳሽ እየለካ የሚመጥና የሚጨምር ማሽን) ይሻላል። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 የኩላሊት ኦርጋኖይዶችን ባለ 384 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በሮቦት አሳድገዋል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበትን ዝግጅት ሮቦቱ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጥቂቶቹን ለረጅም ጊዜ ማቆየት ከሆነ ግን ፓምፕና ቀጭን ቱቦ ይበቃል። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት እንዲህ ያለውን ነው። ሚዲየሙን ትንሽ በትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲሰጡ የአንጎል ኦርጋኖይዶቹ የግላይኮሊሲስ ጭንቀት (ሴሉ ስኳር ሰብሮ ኃይል በሚያገኝበት መንገድ ላይ የሚታይ ጫና) ቀነሰ። እኛ በእጅ ስንመግብ አጥግበን፣ ከዚያ ለቀናት እናስርባለን፤ ሰውነት ውስጥ ያለ ሴል እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያውን ሳምንት ኦርጋኖይድ አታስገቡ፣ በውኃና በምግብ ቀለም ብቻ ሞክሩ። ፕሌቱን በሚዛን መዝኑት፦ በ96 ጉድጓድ ላይ 100 ማይክሮ ሊትር ውኃ ከተጨመረ ክብደቱ በ9.6 ግራም አካባቢ መጨመር አለበት፣ ካነሰ አንድ ጫፍ ይዘጋል ወይም ያፈሳል ማለት ነው። ሚዲየሙን ሙልጭ አድርጋችሁ አትምጠጡ፣ ግማሹን ብቻ ቀይሩ። ጫፉ ከጉድጓዱ ታች ከፍ ብሎ፣ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ በዝግታ ይምጠጥ፤ አለበለዚያ ኦርጋኖይዷ አብራ ትሄዳለች፣ ሮቦት ደግሞ ስህተቱን አይቶ አይቆምም፣ 96 ጊዜ ይደግመዋል።

በፓምፕ ለምትሠሩ ትልቁ ጠላት የአየር አረፋ ነው። ቀዝቃዛ ሚዲየም 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር (ሴሎቹ ሞቀው የሚቆዩበት ሳጥን) ውስጥ ሲሞቅ የያዘውን አየር ይለቅና ቱቦውን ይዘጋዋል። ሞተሩንና ሰርኪዩቱን ውጭ አስቀምጡ፣ ቱቦው ብቻ ይግባ፤ የውስጡ እርጥበት ኤሌክትሮኒክስ ይበላል። ሁሉንም ጉድጓዶች ከአንድ ጠርሙስ የምትመግቡ ከሆነ አንዲት ባክቴሪያ የወራት ሥራችሁን በአንድ ሌሊት ትጨርሰዋለች፣ ስለዚህ መስመሮቹን ለያዩ። ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ) በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ምርመራውን በቋሚነት አድርጉ። በፕሌቱ ዳር ያሉት ጉድጓዶች ቶሎ ስለሚተኑ ንጹሕ ውኃ ሙሏቸውና ኦርጋኖይዶቹን መሃል አድርጉ።

ካሜራ ከሮቦት ይረክሳል፣ ጥቅሙ ግን አያንስም። በየቀኑ በተመሳሳይ መብራትና ርቀት ፎቶ አንሱ፣ ስፋታቸውን በኢሜጅጄ (ImageJ) ለኩ፤ የፎቶ መለኪያ ፕሮግራም ነው፣ ነጻም ነው። መሃላቸው ከጠቆረ የፓምፑ ጥፋት ነው ብላችሁ አትሩጡ። የደም ሥር ስለሌላቸው ሲተልቁ ኦክስጅን ወደ ውስጥ አይደርስም፣ ምግብ በመጨመር ብቻም አይፈታም።

ቢያንስ አንድ ወር ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በማሽን መግቡ፣ ያኔ ማሽኑ እንደጠቀመ ወይም እንደጎዳ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አጠገቡ ሰው ይደር፤ ማሽኑ ስህተት ሲያይ ቆሞ ስልካችሁ ላይ መልእክት እንዲልክ ሳታደርጉ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ብቻውን ትታችሁት አትሂዱ።