የፍሪጅ በር መቆለፊያ እንዴት ይመረጣል፣ ሳይበላሽስ እንዴት ይቆያል?

ፍሪጅ ላይ ቁልፍ ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አለ፣ ከማን ነው የምትቆልፉት? ከሁለት አመት ህፃን ነው፣ አብሯችሁ ከሚኖር ሰው ነው፣ ወይስ በሩ ራሱ እየተከፈተ አስቸግሯችሁ ነው? ሶስቱ የሚፈልጉት የተለያየ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይሄን ሳያስብ ቆንጆ የመሰለውን ገዝቶ ይመጣና በሳምንቱ ይነቅለዋል። እኔም አንዱ ነኝ። የኛ ፍሪጅ ማታ ማታ ገርበብ ብሎ እያደረ ሲያናድደኝ የልጆች መቆለፊያ ገዝቼ ለጠፍኩበት፣ በሩስ ተያዘ፣ ውስጡ ግን ያው አይቀዘቅዝም፣ ፍሪዘሩም በረዶ ይጋግራል። ለካ ችግሩ ጎማው ነበር።

1. መጀመሪያ ጎማውን እዩት

የፍሪጅን በር ዘግቶ የሚይዘው እጀታውም ማጠፊያውም አይደለም፣ በሩን ዙሪያውን የከበበው ለስላሳ ጎማ ነው። ጎማው ውስጥ ጥብጣብ የመሰለ ማግኔት አለ፣ እሱ ነው የፍሪጁን ብረት ለጥፎ የሚይዘው። ጎማው ከቆሸሸ ወይ ከተጣመመ ማግኔቱ ብረቱ ላይ በደንብ አያርፍም፣ በዛች ቀዳዳ ሞቃት አየር ይገባል፣ ሞተሩም እረፍት ያጣል።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳብ አድርጉት፣ ያዝ ካደረገው ደህና ነው፣ ሙልጭ ብሎ ከወጣ እዛ ጋ አየር ያስገባል ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሞክራችሁ እንዳትተዉት፣ በየስንዝሩ ዙሪያውን ሂዱበት፣ በተለይ የታች ጥጎቹንና የማጠፊያውን በኩል። እሱ ከደከማችሁ ደግሞ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ውስጥ አስቀምጡና ክፍሉን አጨልሙት፣ ብርሃን ሾልኮ ከታያችሁ ቦታውን አገኛችሁት።

ከዛ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጋችሁ ጎማውን እጠቡት፣ እጥፋቶቹ ውስጥ የሚገባ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካለ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ፍርፋሪውና የፈሰሰው ነገር ሁሉ የሚደበቀው እዛ ነው። በረኪና አትንኩት፣ ጎማውን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የተጣመመ ቦታ ካለ የፀጉር ማድረቂያ ራቅ አድርጋችሁ በትንሽ ሙቀት አለስልሱት፣ በጣት ወደ ቦታው መልሱት፣ በሩን ዘግታችሁ ተዉት። ከተቀደደ ግን ምንም አትድከሙ፣ ይቀየራል፣ ለመቀየር ፍሪጁ ውስጥ ግድግዳው ላይ ስቲከር አለ፣ እዛ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ጎማው ደህና ሆኖ በሩ አሁንም ገርበብ የሚል ከሆነ ፍሪጁ ወደፊት አዘንብሎ ይሆናል። የፊት እግሮቹን አዙራችሁ ከኋላዎቹ ትንሽ ከፍ አድርጓቸው፣ በሩን ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ስትለቁት ራሱ ተመልሶ መዘጋት አለበት። በሩ ወደ ታች ወርዶ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ላልቷል፣ አጥብቁት። በነገራችን ላይ በሩን ዘግታችሁ ወዲያው ልክፈት ስትሉ አልከፈት ካለ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ የገባው ሞቃት አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በሩን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቃል፣ እንደውም ጎማው ጥሩ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ግማሹ ሰው እዚህ ጋ ጨርሷል፣ ቁልፍ መግዛትም አያስፈልገውም።

2. አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፣ ከማን ነው የምትቆልፉት?

ለህፃን ከሆነ የሚለጠፈው ማሰሪያ ይበቃል፣ በሁለት በኩል ማጣበቂያ ያለው፣ መሃሉ ላይ እየተጫነ የሚፈታ። ስትገዙ አንድ ነገር እዩ፣ ርዝመቱ ይስተካከላል ወይ? የማይስተካከል ማሰሪያ ትንሽ ከረዘመ በሩ የተቆለፈ መስሎ በጣት ስፋት ተከፍቶ ያድራል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሌላው፣ አንድ እጅ ላይ ድስት ይዛችሁ በሌላኛው መክፈት መቻላችሁን ሞክሩ፣ ካልቻላችሁ ከሶስት ቀን በኋላ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ወንበር ጎትቶ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ለትልቅ ሰው ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ባለ ቁልፍ መቆለፊያ ጨዋ ሰውን ነው የሚያቆመው፣ ልክፈት ያለ ሰው የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጥቶ ይነቅለዋል። ሁለት በር ጎን ለጎን ያለው ፍሪጅ ከሆነ በሁለቱ እጀታ ውስጥ የሚያልፍ የብረት ገመድ ከጓጉንቸር ጋር የተሻለ ይይዛል፣ እጀታው ራሱ ፕላስቲክ ካልሆነ ማለት ነው።

መድሃኒት ለመጠበቅ ከሆነ ግን ፍሪጁን ሙሉ አትቆልፉት ባይ ነኝ። የሚቆለፍ ትንሽ ሳጥን ገዝታችሁ ውስጥ አስገቡ፣ ቤተሰቡ ውሃ በፈለገ ቁጥር ቁልፍ ፍለጋ አይዞርም። ኢንሱሊን ምናምን ከሆነ ሳጥኑን ከኋላው ግድግዳ አርቁት፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚቀመጠው፣ የኋላው ግድግዳ ጋ ደግሞ በረዶ ሊሰራ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይሰራም፣ ይጣላል።

ከላይ የሚከፈተው ሳጥን ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ቁልፍ አለው። አንዳንዱ ቁልፍ እየተጫናችሁት ካላዞራችሁት አይዞርም፣ ስትለቁት ደግሞ ተመልሶ ይወጣል፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታስገድዱት፣ ህፃን እንዳያዞረው ሆን ተብሎ ነው እንደዛ የተሰራው።

3. ድሪል አስቀምጡት

ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። የፍሪጃችሁን ጎን በእጃችሁ ንኩት፣ ሞቅ ይላል አይደል? ብዙ ፍሪጅ ላይ ሙቀቱን የሚያወጣው የጋዝ ቱቦ በጎን ግድግዳው ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ በሩ የሚያርፍበት ጠርዝ ዙሪያም ላብ እንዳይዘው ተብሎ ቱቦ የሚዞርባቸው አሉ። ጓጉንቸር ማንጠልጠያ ልግጠም ብላችሁ ብሎን ስታስገቡ ቱቦውን ከበሳችሁት ጋዙ ያልቃል፣ ፍሪጁም ለአንዲት ቁልፍ ብሎ ሄደ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ላይ ያለው አር 600ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ከኪሳራም ያልፋል። የግድ ብሎን ካስፈለገ በሩ ላይ ብቻ ሳይሆን አካሉ ላይም ስለሚገባ ለባለሙያ ተዉት።

4. አለጣጠፉ

የመጀመሪያዋን መቆለፊያ የለጠፍኳት ቆሜ በሁለት ደቂቃ ነው፣ ጠዋት ስነሳ መሬት ላይ ወድቃ አገኘኋት፣ ገልብጬ ሳያት ማጣበቂያው ላይ የጣት ቅባትና አቧራ ልክ እንደ ካርታ ተስሎበታል። እጀታ አካባቢ ያለ ብረት ንፁህ ቢመስልም ቅባታም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ከዛ በአልኮል ጥረጉት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። መቆለፊያውን ሳትልጡ ይዛችሁ በሩን ክፈቱ ዝጉ፣ ቦታው ልክ መሆኑን እዩና በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ነቅሎ መመለስ የለም፣ ግማሽ ጉልበቱ ይሄዳል። ላጡት፣ ለጥፉት፣ በአውራ ጣት ለ30 ሰከንድ ያህል ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። አሁን ትልቁ ነገር፣ መቆለፊያውን ቶሎ አትጠቀሙበት! ማሰሪያውን ሳታያይዙ ቢያንስ ለ24 ሰአት ተዉት፣ ማጣበቂያው የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው። መንቀል ስትፈልጉ ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጋችሁ የጥርስ መጎርጎሪያ ክር ከኋላው እንደ መጋዝ አስገቡበት፣ ቀለም ሳያነሳ ይለቃል።

5. ከዛ በኋላ ያለው

ብዙ ስራ የለውም። ማሰሪያውን አልፎ አልፎ ሳብ እያደረጋችሁ ጠርዙ መነሳት መጀመሩን እዩ፣ ከተነሳ በሱፐር ግሉ አታስታምሙት፣ ማጣበቂያውን ቀይሩት። ባለ ቁልፉ እየጠነከረ ከመጣ የምግብ ዘይት አትጨምሩበት፣ ለአንድ ሳምንት ያለሰልሰውና ከዛ አቧራ ይዞ ሙጫ ይሆናል፣ የግራፋይት ዱቄት ትንሽ እፍ በሉበት፣ ከሌለ የእርሳስ ጫፍ ቁልፉ ጥርስ ላይ አሽታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡ አውጡ። ሁለተኛውን ቁልፍ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጦ የቆለፈ ሰው አውቃለሁ፣ ማንነቱን አልናገርም።

6. ፍሪጁ ሲያረጅ

ድሮ ፍሪጅ የሚዘጋው በብረት መቀርቀሪያ ነበር፣ ከውስጥ አይከፈትም፣ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ገብተው የታፈኑ ልጆች ብዙ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በህግ ከለከለችው፣ ከ1958 መጨረሻ በኋላ የሚሰራ የቤት ፍሪጅ በሩ ከውስጥ ተገፍቶ የሚከፈት መሆን ነበረበት፣ የማግኔት ጎማም ለዚህ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። እናንተ ከውጭ ማሰሪያ ወይ ጓጉንቸር ስትጨምሩ ያንን የድሮውን መቀርቀሪያ እየመለሳችሁት ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ከስራ የወጣ ቀን መቆለፊያውን ንቀሉ፣ ግቢ ውስጥም ሆነ ውጭ የሚቀመጥ ከሆነ በሩን ራሱ ፈታችሁ አውጡት፣ መደርደሪያዎቹን ግን እዛው ተዉዋቸው፣ ልጅ ተጣጥፎ የሚገባበት ቦታ እንዳይኖር።