በጅማ ዙሪያ የዛፍ እንቁራሪት ለማየት መቼና እንዴት ይወጣል?

የዛፍ እንቁራሪት ለማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሐምሌን ይጠብቃል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። ዣንጥላ ይዤ ከአንድ ቡና ማሳ ዳር ሁለት ሰዓት ቆምኩ፤ ቅጠል ላይ ከሚወርደው ዶፍ በቀር ምንም ሳልሰማ ካልሲዬ ረጥቦ ተመለስኩ።

ጅማ ለዝናብ የራሷ ቀጠሮ አላት። ሰማዩ በመጋቢት ማጉረምረም ይጀምራል፤ ዝናቡም እስከ መስከረም፣ አንዳንዴ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። እንቁራሪቶቹ የሚከተሉት ይህን እንጂ የአዲስ አበባን ክረምት አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ምርጫዎ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ይሁን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በበጋ በቅጠል ሥርና በግንድ ስንጥቅ ተደብቀው የከረሙት ወንዶች መሬቱ ሲርስ ሴት ለመጥራት ይወጣሉ። ሌፕቶፔሊስ የሚባሉት የዛፍ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከውኃ አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብረው ነው። የተፈለፈሉት ወደ ኩሬው የሚገቡት ዝናብ ሲያግዛቸው ነው። ከፊታቸው ረጅም የዝናብ ወራት ሲኖር መጀመር ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ምርጫ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው። ጩኸቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ጅራታቸውን ገና የጣሉ ጥቃቅን ግልገሎችን በሣር ላይ ማግኘት ይቻላል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ባይደክሙ ይሻላል።

ወሩን ከመረጡ በኋላ ሌሊቱን ይምረጡ። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አመሻሹ ላይ ያባራበት፣ ነፋስ የሌለበት፣ ጨረቃም ያልወጣችበት ምሽት ከሁሉ ይበልጣል። ነፋስ ቆዳቸውን ስለሚያደርቅ አይወዱትም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ በቂ ነው።

የት? ከተማው ውስጥ ካሉ ጥላማ ግቢዎች መጀመር ይቻላል። ሰፊ ጫካ የሚፈልግ ደግሞ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ያለውን «በለጠ» የተባለውን ጫካ ይሞክር። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ከጓሮ ያለ እንሰት ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ ስም የተሰጣት አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ትባላለች፤ የስሟ ሁለተኛ ክፍል በእንሰት ላይ የምትኖር ማለት ነው። የዚህ ወገን ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ቅጠል ላይ ጥለው የቅጠሉን ጠርዝ ያጣብቁታል፤ ዳቦ በኮባ እንደሚጠቀለል ማለት ነው። የእንሰቱን ቅጠልና ግንድ መጋጠሚያ በባትሪ ይመልከቱ፤ እጅዎን ግን አይስደዱ፤ እባብም እዚያ ቤቱን ሊሠራ ይችላል።

ቦዬ ረግረግ ዳር ያለው ፊላ የሸምበቆ እንቁራሪት ሞልቶታል፤ ድምፃቸውም ከሩቅ ይሰማል። በሩቅ ይስሙት። ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ደግሞ ሣር ለመጋጥ የሚወጣው እንቁራሪቱ በሚጮህበት ሰዓት ነው። በጨለማ ወደ ውኃው ዳር አይጠጉ።

ሌላው ጣጣ የሰው ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት በሌሊት ማሳ ውስጥ ባትሪ ይዞ የሚዞር ሰው ሌባ ነው የሚባለው። በሌላውም ጊዜ ቢሆን በቀን ሄደው ባለቤቱንና ጠባቂውን ያስፈቅዱ። «ራቻ ለማየት ነው» ቢሉ (እንቁራሪት በኦሮምኛ ራቻ ነው) መጀመሪያ ይስቁብዎታል፤ ቀጥሎ ግን የትኛው ጉድጓድ አጠገብ እንደሚጮህ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው።

ቦታው ሲደርሱ ባትሪውን አጥፍተው አሥር ደቂቃ ይቁሙ። ሲረግጡ ዝም ያሉት እንደገና ይጀምራሉ። ከዛፍ ላይ በረጅም ክፍተት የሚሰማ ወፍራም ነጠላ ድምፅ የሌፕቶፔሊስ ነው፤ ከፊላው የሚመጣው እንደ ትንሽ ቃጭል የጠራ ድምፅ የሸምበቆ እንቁራሪት ነው። አሁን ጓደኛዎ አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሁለታችሁም ድምፁ ወደሚመጣበት እጃችሁን ቀስሩ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንቁራሪቱ አለ። ብቻዎን ከሆኑ ይህን ለማግኘት ግማሽ ሌሊት ይፈጃል፤ የዛፍ እንቁራሪት ድምፅ ጆሮን ያታልላል።

ባትሪውን ከዓይንዎ አጠገብ ይዘው ያብሩ፤ የእንቁራሪቱ ዓይን ብርሃኑን መልሶ ያንጸባርቃል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አያብሩበት፤ ወይም የባትሪውን አፍ በቀይ ፌስታል ይሸፍኑት። ከዚያ የዓይኑን ብሌን ይመልከቱ። እንደ ድመት ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ሌፕቶፔሊስ ወይም አፍሪክሳለስ ነው፤ አግድም የተኛ ከሆነ የሸምበቆ እንቁራሪት ነው። ሌፕቶፔሊስ ሰፋ ያለ ጭንቅላት አለው፤ አፍሪክሳለስ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ከሁሉም በፊት ግን የጣቶቹን ጫፍ ይዩ፤ ዛፍ የሚወጡት እንደ ትንሽ ሳህን የሰፋ ጫፍ አላቸው። ሳር ውስጥ የሚኖረው ሌፕቶፔሊስ ግራሚነስ ያንን ሳህን የለውም፤ ዘመዱ ቢሆንም ዛፍ አይወጣም።

ባይነኩት ይመረጣል። መንካት ግድ ከሆነ እጅዎ እርጥብ ይሁን፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ወይም ሳሙና የነካው እጅ አይነካውም፤ ቆዳው የቀረበለትን ሁሉ ይመጥጣል። ኢትዮጵያ ውስጥም የእንቁራሪት ገዳይ የሆነው የቆዳ ፈንገስ ተገኝቷል፤ በጫማ ጭቃ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ከበለጠ ጫካ ሲመለሱ ቦትዎን በበረኪና ውኃ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፤ በማግሥቱ ወደ ጓሮ እንሰቱ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።