ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት በሩን ለኩ

አዳማ ውስጥ የመንግሥት ኮሌጅ ጄኔሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ ቅየራ ጨረታ ልትገቡ ነው? ሰነዱን እንደገዛችሁ ዋጋ ለመሙላት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ቦታውን እዩ። እኔ አንዴ በሩን ሳልለካ ገብቼ አዲሱ ጄኔሬተር በ10 ሳንቲ ሜትር አላልፍ አለ። ግድግዳ አፍርሰን መልሰን ገነባን። ትርፉም እዚያው ቀረ።

አሮጌውንም አትርሱት። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ እንደ ቁራሌው ጭናችሁ አትሄዱም፤ ለንብረት ክፍል አስረክባችሁ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ያዙ። የክሬንና የጉልበት ወጪውን ማን እንደሚችል ሰነዱ ካልተናገረ በጽሑፍ ጠይቁ። 15 በመቶው ቫት ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም በግልጽ ጻፉ። ሲፒኦ (ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ የሚሠራው የክፍያ ማዘዣ) ደግሞ ለመጨረሻው ቀን አይተውም። ባንኩ «ሲስተም የለም» ካለ አለቀ።